ስለ ዐሳብ ጭነትና ራስን ስለ መግዛት

ይህን ትምህርት የምጀምረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ የቆጮ ጥቅል ነው።

ከሆሳዕና የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ከሚርቀው ቀበሌያችን መጥቼ በከተማው ስማር፥ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ከአንድ ጓደኛዬ ጋራ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። በዱራሜም ሆነ በአንጋጫ፥ በዶዮገናም ሆነ በሺንሺቾ ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች ኑሮአቸው ይኸው ስለ ሆነ ነገሩን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴ በኮባ የተጠቀለለ የቆጮ ቂጣ፥ አንድ ከረጢት ቆሎና ጥቂት በሶ ታሸክመኛለች። ይህም ስንቅ እስከ ዓርብ ማታ ሊያደርሰኝ ይገባል። በአዘቦቱ ሳምንት ያደርሰኝ ነበር፤ በፈተና ሳምንት ግን ረቡዕ ማታ ኮባው ባዶ ሆኖ ይገኛል።

በፈተና ሳምንት አላረስሁም፥ እንጨትም አልፈለጥሁም፤ ተቀምጬ ከማንበብ በቀር የሠራሁት ሥራ አልነበረም። ታዲያ ምን በላው? ጓደኛዬ «ፈተና ሆድ ይከፍታል» ይል ነበር። እኔ ግን ሆዳምነት ነው ብዬ ራሴን እነቅፍ ነበር። ዛሬ መምህር ሆኜ ስለዚህ ነገር የተጻፈውን ሳነብ፥ ጓደኛዬም እኔም ጥያቄውን በትክክል አላየነውም ነበር እላለሁ።

ራስን መግዛት ስንል፥ ነገ ስለሚገኝ ትልቅ ጥቅም ብሎ ዛሬ ከሚገኝ ትንሽ ጥቅም እጅን መሰብሰብ ማለታችን ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ጥቅሞች በእኩል ቦታ የቆሙ አይደሉም። ቆጮው ይታያል፥ ይሸታልም፤ ዓርብ ግን አይታይም። ስለዚህ ዓርብን በዐሳብ መያዝ ግድ ነው። ዐሳብን ለጊዜው ይዞ የሚያቆየውን የአእምሮ ክፍል የሥነ ልቡና ሊቃውንት የሥራ ትውስታ ይሉታል። ይህ ስፍራ እጅግ ጠባብ ነው። በገበያ ቀን አንዲት ሴት ጎመንና ቃሪያዋን የምትዘረጋባትን ቁራጭ መሬት አስቡ፤ ሌላ ሰው መጥቶ ጆንያውን ቢያስቀምጥባት ከዕቃዋ ግማሹን ማንሣት አለባት። በእኔም ዘንድ የፊዚክስ ቀመርና የመውደቅ ፍርሀት ጆንያቸውን ሲያራግፉ፥ ከስፍራዋ የተነሣችው ዓርብ ነበረች።

ይህን በሙከራ የመረመሩ ሰዎች አሉ። ባባ ሺቭና አሌክሳንደር ፌዶሪኪን የሚባሉ መርማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ በአሜሪካ አገር ተማሪዎችን ሰብስበው ለአንዳንዶቹ ባለ 2 አኀዝ፥ ለሌሎቹ ባለ 7 አኀዝ ቍጥር እንዲይዙ ሰጧቸው። ተማሪዎቹ ቍጥሩን በቃል ይዘው ወደ ሌላ ክፍል ሄደው መናገር ነበረባቸው። በመንገድ ላይ ግን የቸኮላታ ኬክና የፍራፍሬ ሰላጣ ቀርቦላቸው አንዱን እንዲመርጡ ተጠየቁ። ባለ 2 አኀዝ ከያዙት መካከል ኬኩን የመረጡት ከመቶ 41 ሲሆኑ፥ ባለ 7 አኀዝ ከያዙት ግን ከመቶ 63 ሆኑ። ሰባት አኀዝ ምን ያህል ሸክም ነው? አንድ የስልክ ቍጥር እንኳ አይሞላም። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ምግቡ ራሱ ሳይሆን ሥዕሉ ብቻ በቀረበ ጊዜ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህን የመሰለ ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ጭነቱ ብቻውን አይደለም የሚያሸንፈን፤ ጭነቱና በዐይን ፊት ያለው ነገር ተባብረው ነው። ስንቄ ከአልጋዬ ሥር መቀመጡ ያኔ ትዝ አላለኝም።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ስሕተት ልናገር። ሁለት ዓመት ሙሉ በክፍል ውስጥ «የፈቃድ ኀይል እንደ ጡንቻ ነው፤ ሲሠራበት ይደክማል» እያልሁ አስተማርሁ። መነሻዬ ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዝነኛ ሙከራ ነበር። በዚህ ሙከራ ምግብ ሳይበሉ የመጡ ተማሪዎች ትኩስ ብስኩት ፊት ተቀምጠው፥ አንዳንዶቹ ብስኩቱን እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ሌሎቹ ግን ራዲሽ የሚባለውን የሚቆጠቁጥ ሥር ብቻ እንዲበሉ ታዘዙ። ከዚያ በኋላ መፍትሔ የሌለው እንቆቅልሽ ተሰጣቸው። ብስኩት የበሉት 19 ደቂቃ ያህል ሲታገሉ፥ ራዲሽ የበሉት በ8 ደቂቃ ገደማ ተዉት። ነገሩ ለማስተማር እጅግ የሚመች ነው፤ ተማሪዎቼም ይወዱት ነበር። ነገር ግን በ2016 እ.ኤ.አ. 23 ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ከ2,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ይህንኑ ዐሳብ በሌላ ዐይነት ሥራ ቢመረምሩት፥ ያገኙት ልዩነት ከምንም የማይቈጠር ሆነ። ስለዚህ «የደከመ ፈቃድ» የሚለውን ትምህርት ከማስታወሻዬ ሰርዤዋለሁ። ሸክም ከትከሻ ከወረደ በኋላ ስለሚቀር ድካም የተባለው አጠራጣሪ ሆኗል ማለት ነው። እኔ የምናገረው ሸክሙ ገና በትከሻ ላይ ሳለ ስለሚሆነው ነው።

አሁን ከተማሪው ክፍል ወጥተን ወደ እናቴ ጓሮ እንሂድ፤ ነገሩ ከባድ የሆነው እዚያ ነውና።

በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀርቶ በሐዲያ፥ በከምባታና በወላይታ ብዙ ቤት ተቸገረ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ጓሮው በእንሰት የተሸፈነ ነው፤ ሞሰቡ ግን ባዶ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ በንዳድ ተኝቶ ሳለ እናቴ አንድ ማለዳ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላቸውን ሦስት እንሰቶች ቆረጠች።

እንሰት የትዕግሥት ተክል እንደ ሆነ የዚህ አገር ልጅ ሁሉ ያውቃል። እንደ ቦታው ደጋነትና እንደ ዐይነቱ ከ3 እስከ 7 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዚህ መካከል ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል፥ ፍግ ይሰጠዋል። አድጎ ሊያብብ ሲቃረብ ቢቆረጥ ግንዱ ተፍቆ፥ ሥሩ ተከትክቶ፥ በጕድጓድ ተቀብሮ ብዙ ወር የሚቆይ ቆጮ ይወጣዋል፤ ቡላውም ቃጫውም ከዚያው ነው። ልጅ ሳለ ቢቆረጥ ግን ተቀቅሎ የሚበላ አሚቾ ነው ትርፉ፤ እርሱም ከጥቂት ቀን አያልፍም። እኔም በትምህርት ቤት መደመርና ማባዛት የተማርሁ መሆኔን ለማሳየት ያህል፥ «እማዬ፥ ሳይደርስ መቁረጥ ኪሳራ አይደለም ወይ?» አልኋት። እርስዋም ቀና ሳትል፥ «አንተ የምትቈጥረው ዓመቱን ነው ልጄ፤ እኔ የምቈጥረው ሌሊቱን ነው» አለችኝ።

በዚያው ወር አንዲት ጊደር ነበረችን። እናቴ በገበያ ዋጋ ተከራክራ ነጋዴ የምታሰለች ሴት ናት፤ እስከ ዛሬም እንደዚሁ ናት። ያን ቀን ግን የመጀመሪያው ነጋዴ በጠራው ዋጋ ሰጥታ ተመለሰች፤ ሁለተኛ ሰው እንኳ አልጠየቀችም። ጎረቤቶቻችን ሲሰሙ አዘኑ። ስለ እንሰቱ ማንም አልወቀሳትም፤ ስለ ጊደሯ ግን ራስዋም ብዙ ጊዜ ስትቈጭ ሰምቻታለሁ።

እነዚህ ሁለት ውሳኔዎች ለረዥም ዘመን በዐሳቤ ውስጥ አንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። የለያየኋቸው በኋላ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. አናንዲ ማኒ፥ ሰንዲል ሙላይናታን፥ ኤልዳር ሻፊርና ጂያዪንግ ዣኦ የሚባሉ መርማሪዎች በህንድ አገር በታሚል ናዱ ስለሚኖሩ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ያጠኑትን አወጡ። የሸንኮራ ገበሬ ዋና ገቢውን የሚያገኘው በመከር ጊዜ ስለ ሆነ፥ ያው ሰው ከመከር በፊት ችግረኛ፥ ከመከር በኋላ ባለ ገንዘብ ነው። መርማሪዎቹም ያንኑ ሰው በሁለቱም ወቅት ፈተኑት። ከመከር በፊት የማስተዋል ፈተናውን ያነሰ ሠራ፤ ከመከር በኋላ የተሻለ ሠራ። ሰውዬው አልተለወጠም፥ ጠባዩም አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዐሳቡ ላይ ያለው ጆንያ ነው። የእናቴ ጊደር በዚህ ትገባለች። በሽተኛውን፥ ዕዳውንና የነገውን ራት በዐሳብዋ ተሸክማ ገበያ ስለ ወጣች፥ «ሌላ ነጋዴ ልጠይቅ» ለሚለው ዐሳብ ስፍራ አልቀረለትም።

እንሰቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሊአንድሮ ካርቫልዮና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች ደመወዝ ከመቀበላቸው በፊትና በኋላ አነጻጸሩ። በማስተዋል ፈተና ልዩነት አላገኙም፤ እንዲያውም ይህ ከህንዱ ጥናት ጋራ የማይስማማ ነው። ነገር ግን ከደመወዝ በፊት ያሉት ሰዎች ገንዘቡን «አሁን ስጡኝ» የማለት ዝንባሌያቸው የበለጠ ነበር፤ ምክንያቱም ገንዘብ አጥተዋል። ስታይን ሆልደን፥ በቀለ ሽፈራውና መቲ ቪክ በኢንዶኔዥያ፥ በዛምቢያና በኢትዮጵያ ገጠሮች አጥንተው በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጽሑፍም ድህነትና የእጅ ማጠር የዛሬውን ጥቅም ከማስበለጥ ጋራ የተያያዙ መሆናቸውን ያመለክታል። ይህ የአእምሮ ጉድለት አይደለም፥ ሒሳብ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ እስኪሄድ ድረስ ግን የሚጠብቀው ሰው የሚበላው ሊኖረው ይገባል። ደግሞም አጠውልግ የገባበት ጓሮ ውስጥ ያለ ገበሬ እንሰቱ እስኪደርስ ቢጠብቅ በሽታው ይቀድመዋል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ቸኩለሃል ብሎ የሚወቅሰው ማን ነው?

ሕፃናት እንኳ ይህን ሒሳብ ያውቁታል። ዋልተር ሚሼል በስታንፎርድ ለሕፃናት ማርሽሜሎ የሚባለውን ለስላሳ ከረሜላ አቅርቦ፥ «ብትቆዩ ሁለት እሰጣችኋለሁ» እያለ የጀመረው ሙከራ በዓለም የታወቀ ነው። የቆዩት ልጆች አድገው የተሻለ ትምህርት አገኙ ተብሎም ብዙ ተወራ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ከ900 በሚበልጡ ልጆች ላይ እንደገና ሲመረመር ግን፥ የቤተሰቡ ኑሮ ሲታሰብበት የዚያ ልዩነት ብዙው ጠፋ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሴለስት ኪድና ባልደረቦችዋ በሮቸስተር 28 ሕፃናትን ወስደው፥ ለግማሾቹ አስቀድመው የሰጡትን ቃል ጠበቁ፥ ለግማሾቹ ግን አፈረሱ። ቃል የተጠበቀላቸው ከረሜላውን ሳይነኩ በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ቆዩ፤ የተታለሉት ግን 3 ደቂቃ ያህል ብቻ። ሁለተኛው ከረሜላ መምጣቱ ካጠራጠረ አንዱን መብላት ብልኅነት ነው።

እንግዲህ ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። በ2005 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን፤ ያን ጊዜ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበረ። በሒሳብ ከእኔ እጅግ ይበልጥ ነበር። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ደላላ ማክሰኞ ማታ ወደ ክፍላችን መጣ። ብዙ አልተናገረም። መኪናው ሐሙስ እንደሚነሣ፥ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱት ቍጥራቸው እንደ ሞላ፥ አንድ ቦታ ብቻ እንደ ቀረ፥ መልሱን እስከ ነገ ጠዋት እንደሚፈልግ ተናግሮ ሄደ። ዛሬ ሳስበው የሰውዬው ብልኀት በሰጠው ተስፋ ላይ አልነበረም፤ ባልሰጠው ጊዜ ላይ ነበር። በፈተና ፍርሀት የተሞላ ዐሳብ ላይ አንድ ጆንያ ጨመረና ሄደ። ጓደኛዬ ሌሊቱን አልተኛም። ጠዋት ደብተሮቹን ለእኔ ትቶ ወደ አባቱ ሄደ፥ በሬም ተሸጠ።

መሄድ ሁሉ ስሕተት ነው አልልም። በሆሳዕናም በዱራሜም ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ገንዘብ የተሠሩ ቤቶች አሉ፤ ታናናሾቻቸውን ያስተማሩ ብዙዎች ናቸው። የመንገዱንም አደጋ የማያውቅ የለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አጠገብ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ ሉሳካ አጠገብ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ የ27 ሰዎች አስከሬን በመንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ጓደኛዬ ከእነዚህ በፊት ሄዶ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ጆሃንስበርግ ደረሰ። ከብዙ ዓመት በኋላ በስልክ ስንነጋገር፥ «መሄዴ አይቈጨኝም፤ የሚቈጨኝ በአንድ ሌሊት መወሰኔ ነው። አንድ ሳምንት ቢሰጠኝ ኖሮ ምናልባት ያው እሄድ ነበር፤ ግን እኔ ነኝ የሄድሁት እል ነበር» አለኝ።

ይህን የምጽፈው ለተማሪዎች ብቻ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እየተቀመጡ የተፈተኑት ፈተና ነበር፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡትም ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በሚከተለውም ዓመት ነገሩ አልተሻለም። ከዚያ ወዲህ እኛ መምህራን በየክፍሉ እየገባን «ካልበረታችሁ ወድቃችሁ ትቀራላችሁ» ማለትን እንደ ምክር ቈጠርነው። እኔም ብያለሁ። ይህ ንግግር ለሰነፉ ጅራፍ ይመስለናል፤ ነገር ግን ጥያቄውን ሊያስብባት የሚገባውን ጠባብ ስፍራ የምንይዝበት እኛው ነን። ደላላውን ከመውቀሳችን በፊት የእኛን ጆንያ ብናነሣ ምን ይመስላችኋል?

በአገራችን ይህን ችግር ሰዎች በሙከራ ሳይሆን በኑሮ ያወቁት ይመስለኛል። ለያሆዴና ለመሳላ፥ ማለት ለመስቀል በዓል፥ ወንዶች ሰንጋ ለመግዣ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ሴቶችም ዊጆ በሚባለው ማኅበራቸው ቅቤ ያጠራቅማሉ። በኪሱ የገባ መቶ ብር እስከ ማግስቱ የማያድርለት ሰው፥ በዚህ ማኅበር ዓመት ሲቈጥብ አያለሁ። እንዴት ቢባል፥ ውሳኔው የተደረገው በጠገበበት ቀን፥ ዐሳቡ ባረፈበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በየወሩ እንደ አዲስ አይወስንም። ገንዘቡም ከዐይኑ ፊት የለም። ቢቀር ደግሞ ጎረቤት ያያል።

ዕቁብም እንዲሁ ነው። በዕቁብ ግን የተጨነቀ ሰው ዋጋ በብር ተቈጥሮ ይታያል። ዕጣ ያልወጣለት ሰው ሲቸግረው፥ ዕጣ የወጣለትን ሰው ገንዘብ ጨምሮለት ተራውን ይገዛዋል። ያ ጭማሪ ምንድር ነው? ነገን ትቶ ዛሬን የመግዛት ዋጋ ነው። አንዳንድ የዕቁብ ዳኞች ይህን አይተው፥ ሐዘን ወይም ሕመም ለደረሰበት አባል ያለ ጭማሪ ተራ ይሰጡታል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አይነገርም፤ ከብዙ መጽሐፍ ግን ይበልጥብኛል።

ጓደኛዬ ከሄደ በኋላ በ11ኛ ክፍል ብቻዬን ስኖር፥ በፈተና ሳምንት ስንቄ እንደማይበቃኝ ለእናቴ ነገርኋት። አልገሠጸችኝም፥ ስንቁንም አልጨመረችም። እሑድ ቂጣውን አምስት ቦታ ቈርጣ እያንዳንዱን ለየብቻ በኮባ ጠቀለለችና በቃጫ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። የሐሙሱንና የዓርቡንም ለአከራዬ ለእትዬ እንድሰጥ አዘዘችኝ። ረቡዕ ማታ እንደ ልማዴ እጄን ከአልጋው ሥር ብሰድድ ያገኘሁት ባዶ ኮባ ነበር፤ ወደ እትዬ በር ሄጄ ማንኳኳት ደግሞ አፈርሁ፥ ተመልሼም ተኛሁ። ዓርብ ጠዋት ለመጨረሻው ፈተና ስወጣ እትዬ አምስተኛውን ጥቅል ከነቃጫው ሰጠችኝ። ኮባው ደርቆ ነበር፤ ቂጣው ግን ደኅና ነበር።